ፍርድ ወይስ በቀል?

የጦርነት ፊልም ባየን ቍጥር እኛ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተኩሱ ነው። አሁን ላነሣው ያሰብሁት ፊልም ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሚጀምር ስለ ሆነ፥ የሚያቀርብልንም ጥያቄ የተለየ ነው፤ ይኸውም፥ ድል ያደረገ ሰው በእጁ በወደቀ ጠላቱ ላይ ያለው መብት እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው።

ፊልሙ በዴንማርክ ቋንቋ «ከአሸዋው በታች» ይባላል። ያዘጋጀው ማርቲን ዛንድቭሊት ሲሆን፥ እ. ኤ. አ. በ2015 ለሕዝብ ታየ። ታሪኩ እውነተኛ መሠረት አለው። ጀርመኖች ከ1940 እስከ 1945 ዴንማርክን በያዙበት ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ከባሕር እንዳይመጣባቸው ሠግተው፥ በተለይም በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ፥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈንጂ ቀበሩ። ነጻነት ሲመለስ ይህን እንዲያወጡ የታዘዙት ከ2,000 የሚበልጡ የጀርመን ምርኮኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ፥ ብዙዎቹም አካላቸው ጎደለ።

በፊልሙ ውስጥ የምናያቸው 14 ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኛ አይበልጥም። በሆዳቸው እየተሳቡ አሸዋውን በዘንግ ይወጋሉ፤ ዘንጉ ብረት ሲነካ አሸዋውን በእጃቸው ጠርገው የሚያፈነዳውን ክፍል ቀስ ብለው ፈትተው ያወጣሉ። እጁ የተንቀጠቀጠ ሁለተኛ ዕድል የለውም። በዚያ ዳርቻ ብቻ 45,000 ፈንጂ ይጠብቃቸዋል፤ ሲጨርሱ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል።

«የቀበረ ያውጣ» የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። አሳቡም የሚናቅ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ፈንጂውንም አንድ ሰው ማውጣቱ ግድ ነበር። እኔ ግን በሦስት ምክንያት አልስማማም።

አንደኛ፥ ቅበሩ ብለው ያዘዙት ጄኔራሎችና በሆዳቸው የተሳቡት ልጆች አንድ አይደሉም። ፍርድ ጥፋተኛውን ለይቶ ይይዛል፤ በቀል ግን ቅርብ ያገኘውን ይይዛል።

ሁለተኛ፥ ሕግ ነበረ። እ. ኤ. አ. በ1929 የተፈረመው የጄኔቭ ስምምነት ምርኮኛን በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትን ከልክሎ ነበር፤ የ1949ኙም ፈንጂ ማውጣት አደገኛ ሥራ መሆኑን በስሙ ጠርቶ፥ ፈቃደኛ ያልሆነ ምርኮኛ እንዳይታዘዝበት ደነገገ።

ሦስተኛ፥ በቀል ባለድሉንም ይጎዳል። ልጆቹን የሚያዘው ዴንማርካዊው ሃምሳ አለቃ ራስሙሰን በመጀመሪያ አንዱን ምርኮኛ ሲደበድብ እናየዋለን። ቆይቶ ግን ለተራቡት ምግብ ከጦር ሰፈር ሰርቆ ያመጣላቸዋል። ውሻው በፈንጂ ሲሞትበት ጭካኔው ተመልሶ ይመጣል። የምትጠላቸው የጎረቤት ሴት ልጅ ፈንጂው ውስጥ ስትገባ፥ ተሳበው ገብተው የሚያወጧት እነዚያው ልጆች ናቸው። በመጨረሻም አለቆቹ ቃላቸውን አፍርሰው የተረፉትን 4 ልጆች ወደ ሌላ ፈንጂ እንዲላኩ ሲያዙ፥ ራስሙሰን ትእዛዙን ጥሶ ወደ ጀርመን ድንበር ወስዶ ይለቅቃቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ሰው ጠላቱን ከማሸነፍ የሚከብደውን ጦርነት አሸነፈ፤ ቂሙን ድል አደረገ።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ዴንማርክ ነጻ የወጣችበት ቀን በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ. ም. ነው። ከዚያ 4 ዓመት አስቀድሞ፥ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፥ የፋሺስት ግፍ ገና ትኩስ ሳለ፥ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ያን ጊዜ ልጁን ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው ይህን ትእዛዝ መቀበል ምን ያህል እንደ ከበደው ልናስብ ይገባናል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ነገ ከእኛ መካከል ዳኛ፥ መኮንን ወይም አስተዳዳሪ የሚሆን አይጠፋም። የበደለን ሰው ያለ ረዳት በእጃችን የሚወድቅበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ያን ቀን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት፥ ይህ ሰው ራሱ ያጠፋው ምንድር ነው? ሕጉስ ምን ይላል? ብለን እንጠይቅ።