ጥሪውስ ይሁን፣ እንግሊዝኛው ለምን?

«እግዚአብሔር ጠራኝ» ከሚል ሰው ጋር ሙግት አይገጠምም። የተጠራው እሱ፣ የሰማው እሱ፤ ምስክር የለ፣ ዳኛ የለ። እኔ ግን ሳልሟገት ማደር የማልችል ሰው ነኝና የእህቴን ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስሞግተው ሰነበትኩ።

ልጁን የዚህ ዓምድ ወዳጆች ታውቁታላችሁ። ቡሬ ተወልዶ፣ ፍኖተ ሰላም ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሲገባ «ጌታን ተቀበልኩ» ብሎ እናቱን እህል ውኃ ያስጠላት ነው። ያ ነገር በሽማግሌም በጊዜም በርዷል። አሁን ይዞት የመጣው ሌላ ነው። በኢንተርኔት የ120 ሰዓት የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ሥልጠና ጨርሶ ምስክር ወረቀቱን በስልኩ አሳየኝና «ጋሼ፣ ባሕር ማዶ ለወንጌል ተጠርቻለሁ» አለኝ። ቀን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ማታ ተማሪዎቹን ሻይ እየጋበዘ ስለ ክርስቶስ ያወራቸዋል። የሰባኪ ቪዛ አይገኝም፤ የአስተማሪ ግን ይገኛል። አገሩን አልጠራም፤ ቪዛውን እንዳላበላሽበት።

መጀመሪያ የተጠራው ደቡብ ኮሪያ ነበር። ኮሪያ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛ የምትሰጠው የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ለያዘ ነው። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ልጆች እዚያ ሲዘምቱ ማንም ፓስፖርታቸውን አላገላበጠም። ይሁን፤ ጥሪው ፊቱን ወደ ሌላ አገር አዞረ።

የሚያናድደኝ ሃይማኖቱ እንዳይመስላችሁ። ሰው ያመነበትን ይስበክ፣ አደባባይ ወጥቶ ይስበክ። የሚያናድደኝ እንግሊዝኛው ነው። ከዚህ ቋንቋ ጋር የቆየ ጠብ እንዳለኝ ታውቃላችሁ፤ ልጃቸው በአማርኛ ውኃ መጠየቅ ሲያቅተው ደስ የሚላቸውን ወላጆች ስንቴ ወርፌያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ «ለምን መጣህ?» ሲባል መሸፈኛ ሆኖ አረፈው። ተማሪው የመጣው ሥራ የሚያገኝበትን ቋንቋ ሊማር ነው፤ አስተማሪው የመጣው የተማሪውን ነፍስ ሊያድን። ከሁለቱ የሌላውን ሐሳብ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው።

«ጳውሎስስ ድንኳን ይሰፋ አልነበር?» አለኝ። ይሰፋ ነበር። ግን ጳውሎስ ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለዚህ አይደል በየደረሰበት የሚደበድቡት?

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚያው ከፍኖተ ሰላም በላይ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ እዚያ ያየው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። እሱም በ1603 ወደ አገራችን የገባው አርመናዊ መስሎ ነበር፤ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጀማሪ አይደለም። ግን ፓኤዝ ከገባ በኋላ ምን አደረገ? ቁጭ ብሎ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ሊቃውንቱን በራሳቸው ቋንቋ ተከራከራቸው፤ ንጉሡንም አሳመነ። እሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡን እንደገና ላጥምቅ፣ ቅዳሴያችሁን የሮም ላድርገው አለ። አገሩ በደም ታጠበ። ሱስንዮስም በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብሎ አሳወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ያን ጊዜ የተነሣው ክርክር ለጎጃም የቅባትንና የተዋሕዶን ጠብ አውርሶ፣ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ሰውና ሰው ሲያናክስ ኖሯል። ከዚያ ወዲህስ መች በረደ?

በ1936 ዓ.ም. የሚሲዮኖችን ደንብ ያወጡት ሰዎች ይህን ሁሉ የረሱ አይመስለኝም። አገሩን ለሁለት ከፈሉት፤ ለሚሲዮን ክፍት የሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል። ጎጃም ያለጥርጥር ከሁለተኛው ወገን ነበር። እዚያ ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት መክፈት ይቻል ነበር፤ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣት ግን ክልክል። ቀጥሎም የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ሚሲዮናውያኑም ይማሩታል ይል ነበር። (ለኦሮሞውና ለወላይታው ይህ ደንብ ሌላ ጣጣ እንደነበረው አውቃለሁ፤ እሱን ሌላ ሳምንት።) የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ተማሪ ይሁን ማለቱን ግን ዛሬም እፈርምበታለሁ።

አንድ ተሟጋች አንባቢ አቡነ ይስሐቅን እንደሚያነሣብኝ አይጠፋኝም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ከቤተ ክርስቲያናችን ጃማይካ ተልከው ብዙ ሺህ ሰው አስተምረዋል፤ በ1980 ቦብ ማርሌይን አጥምቀዋል፤ ያስተማሩትም በእንግሊዝኛ። አዎ። ግን ጃማይካዊው እንግሊዝኛ ልማር ብሎ አልመጣባቸውም። ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው ሄዱ፤ ለምን እንደመጡ ከሩቅ ያስታውቃሉ። ከአሜሪካ የመጡት የሰላም ጓዶችም በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር በ1962 ሲጀምሩ እንግሊዝኛ አስተምሩ፣ ስብከት ግን አይነካካችሁ ተብለው ነው የተላኩት። አማርኛውን እየሰባበሩ ከእኛ ጋር ጠላ ጠጡ፣ አስተማሩ፣ ሄዱ። ሰባኪም አስተማሪም በየስሙ ሲጠራ እንዲህ ነው።

እንግዲህ «ከተጠራህ ሂድና መጀመሪያ የእነሱን ቋንቋ ተማር» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ቋንቋ ስማር ማን ይከፍልልኛል?» አይለኝ መሰላችሁ!

እዚህ ላይ ጎጃሜነቴ ተነሣ። ለመሆኑ ለቆሎ ተማሪ ማን ከፍሎ ያውቃል? ከቡሬ ተነሥቶ ደብረ ኤልያስ፣ ከዚያ ዲማ፣ ከዚያ ዋሸራ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ የመንደር ውሻ ባቱን እየዘነጠለው ቅኔ የሚቆጥር ልጅ የማንን ስፖንሰር ጠበቀ? አባቱ «የት ጠፋ» እያለ የሚፈልገው ልጅ ነው እኮ፤ ብዙው የሚወጣው ጠፍቶ ነው። የእህቴ ልጅ የገዛ አያቱ እንዲህ የተማሩ ናቸው። ይህን ስነግረው ሰዓቱን አየ።

ሰዓቱን ማየቱ አስቆጣኝና ያላሰብኩትን ተናገርኩ። «እንግሊዝኛ ማስተማር ነው የተጠራኸው? ቡሬ አስተምራ!» አልኩት። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ትምህርት በማያውቁት እንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 3.2 በመቶ ናቸው። ከዚያ ዓመት ነሐሴ ወዲህ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ጦርነት ገባ፤ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንቱ ልጅ ክፍል ሳያይ ቁመቱ ብቻ አደገ።

«ቡሬማ መንገዱ ክፍት ሲሆን» ብሎ ተሰናብቶኝ ሄደ። መልስ ነው፤ እኔም ራሴ ቡሬን ካየሁ ቆይቻለሁ።

ጅጋ አጠገብ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከአባቱ ጋር በርበሬ ማረም ጀመረ። ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች ይመጡበታል፤ ግሡን፣ አንቀጹን ያስይዛቸዋል። ጥሪ ይኑረው አይኑረው ጠይቄው አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ስልኩ እንደ ዕድል ሠራና የእህቴን ልጅ ነገር አወራሁት፤ እንደኔ ይናደድልኛል ብዬ ነበር።

«ደመወዙ ስንት ነው አሉ?» አለኝ።

ልጁ የነገረኝን ነገርኩት።

«ኧረ ይሄስ በእውነት ጥሪ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ወደ ጅጋ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ። የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትርፍ ያላችሁ እስከ ማክሰኞ አድርሱልኝ፤ አሮጌውም ቢሆን ግድ የለም፣ መልመጃው ያልተሞላ ከሆነ።