የአዲስ አበባና የዋሽንግተን የአየር ጎዳና

ርቀቱ በኪሎሜትር ከተነገረ የጉዞው ሰዓት አብሮ የታወቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በበቅሎ ለሚሄድ መንገደኛ ዳገቱ ሒሳቡን እንደሚያፈርስበት ማንም ያውቃል፤ የሰማዩ ጎዳና ግን ሜዳ ስለሚመስል ዳገት የለበትም ይባላል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ያስረዳል።

ከቦሌ ተነሥቶ በዋሽንግተን አጠገብ እስካለው እስከ ደለስ ማረፊያ ድረስ፥ በሉል ላይ ክር ተወጥሮ ቢለካ፥ ከ11500 ኪሎሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ክሩም በሱዳንና በሰሜን አፍሪካ ላይ አልፎ፥ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይዘረጋል። ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ የሚመጣው አይሮፕላን በ13 ሰዓት ያኽል አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን በመካከል አርፎ ነዳጅ ስለሚቀዳ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሮማ፥ ደብሊንና ሎሜ በየጊዜው ማረፊያ ሆነውታል።

ይህን ያየ መንገደኛ በአየር መንገዱ ላይ ሲያማርር እንሰማለን። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። አንደኛ፥ ከፍ ባለው ሰማይ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የሚመጣውን ይገፋዋል፥ የሚሄደውን ይገታዋል። ዋናው ምክንያት ግን የራሳችን ደጋ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2330 ሜትር ያኽል ከፍ ብሎ ሲገኝ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያኽል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን በሚገባ አይሸከምም፥ የሞተሩንም ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከምድር ለመላቀቅ አብዝቶ መሮጥ አለበት፥ ማኮብኮቢያው ደግሞ ልክ አለው። እንግዲህ ወይ ነዳጁን ሞልቶ ሰውና ዕቃ መተው ነው፥ ወይ ሰውና ዕቃውን ጭኖ ነዳጁን በሌላ አገር መቅዳት ነው። አየር መንገዱ ሁለተኛውን መምረጡን ደግ አደረገ እንላለን፤ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜም አስመራ ላይ አርፎ ነበር፥ ነውር ያለውም አልነበረም።

በዚያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሯቸው ካህናትና ለመንግሥት ሥራ የሚላኩ ሹማምንት ሰዓታቸውን አይተው የሚደናገሩበት ነገር ደግሞ አለ። ዋሽንግተን እንደ ወራቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀርብን፥ ሲሄዱ 9 ሰዓት ያኽል ብቻ፥ ሲመለሱ ግን ከ20 ሰዓት የማያንስ የተጓዙ ይመስላቸዋል። ረጅሙ ጉዞ አጭር፥ አጭሩም ረጅም ሆኖ ይታያል ማለት ነው። መልእክተኛ የሚልክ መሥሪያ ቤት ሁሉ መነሻውንም መድረሻውንም በአንድ አገር ሰዓት ይቍጠር።

በቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው። ስለ ስፋቱና ስለ ሕንፃው ብዙ ይነገራል፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ ከፍታው ነው። ከዚያ የሚነሣው አይሮፕላን ስንት ኩንታል ጨምሮ እንደሚያነሣ፥ ወደ ዋሽንግተንም ሳያርፍ ለመድረስ ይችል እንደ ሆነ፥ ጉዳዩን የያዙት ሹማምንት በቍጥር አስልተው ለሕዝብ ቢያስታውቁ ደስ ይለናል።