የበሽተኛው የጨረር ሒሳብ

በሆስፒታል የጨረር ምርመራ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በደረቱ ላይ ትንሽ የጨረር መለኪያ ያደርጋል። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ እርሱ በእርሳስ ከተለበጠ ግድግዳ በስተጀርባ ይቆማል፤ እንዲያም ሆኖ መለኪያው በየጊዜው እየተነበበ ድምሩ በስሙ ይመዘገባል። ጨረሩን በገላው የሚቀበለው በሽተኛ ግን በብዙ ስፍራ ይህን የመሰለ መዝገብ የለውም። ይህ አሠራር የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየኛል።

የሲቲ ስካን ጠቀሜታ አያከራክርም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በለንደን የመጀመሪያዋ በሽተኛ በዚህ መሣሪያ ከተመረመረች ወዲህ፣ በራስ ቅል ውስጥ የተሰወረ ዕጢና የደም መፍሰስ ያለ ቀዶ ጥገና የሚታይ ሆኗል። ይሁን እንጂ የአንድ የደረት ሲቲ ስካን ጨረር ከተራ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ጨረሩ ሲያልፍ አይሰማም። የሚያስከትለው የካንሰር ሥጋት ለአንድ ሰው አነስተኛ ቢሆንም ምርመራው በተደጋገመ ቍጥር ይጨምራል፤ በሕፃናት ላይም ይበረታል።

በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የደረሰው ሁኔታ የቁጥጥርን አስፈላጊነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ከ200 የሚበልጡ በሽተኞች በአእምሮ ምርመራ ጊዜ ከሚገባው ስምንት እጥፍ ያህል ጨረር ተቀበሉ። ስሕተቱ የታወቀው ከ18 ወራት ያህል በኋላ፣ ያውም የአንድ በሽተኛ ጠጕር በመርገፉ ነበር። ዘመናዊ የሲቲ መሣሪያ በእያንዳንዱ ምርመራ የሚሰጠውን መጠን በቁጥር ያሳያል፤ በዚያን ሁሉ ጊዜ ግን ቍጥሩን ተመልክቶ «ይህ በዛ» ያለ አልተገኘም። የካሊፎርኒያ ግዛት ከሐምሌ 2012 ጀምሮ መጠኑ በበሽተኛው መዝገብ እንዲሰፍር በሕግ አስገድዷል።

«ቍጥሩ ቢጻፍ በሽተኛው ደንግጦ አስፈላጊውን ምርመራ እንቢ ይላል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መዝገቡ ራሽን አይደለም፤ ሕመሙ ግድ የሚለው ሰው አሥረኛውንም ምርመራ ማግኘት አለበት። ቍጥሩ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ለሐኪሙ ነው። በሽተኛው ባለፈው ሳምንት በሌላ ሆስፒታል መመርመሩን ከካርዱ የተረዳ ሐኪም፣ ዳግመኛ ከማዘዙ በፊት የዚያን ምስል ያስመጣል። በካርዱ ላይ የሚሰፍረውም ቀኑ፣ የተመረመረው የአካል ክፍልና የጨረሩ መጠን ብቻ ነው፤ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።