የሄሉ ነጋዴ ቤትና የፖሊስ ሥልጣን

ድንበር ከተማይቱን ለሁለት በከፈላት በሞያሌ፥ የሄሉ ሰፈር ነዋሪ በኬንያ ሕግ ይተዳደራል። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ31ኛው አንቀጽ የሰው ቤት ከብርበራ እንዲጠበቅ ደነገገ። የፖሊስ አገልግሎት ሕግ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪገኝ መዘግየቱ ምርመራውን በብርቱ የሚያሰናክል ሲሆን፥ መኮንኑ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የያዘውንም ዕቃ ለዳኛ ማቅረብ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓትም በ32ኛው ቁጥር፥ ሲባረር ከቤት ለገባ ወንጀለኛና ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሊሸሽ ለሚችል ማስረጃ ተመሳሳይ በር ከፈተ።

በድንበር ከተማ የኮንትሮባንድ ጥርጣሬ ሁልጊዜ አስቸኳይ ስለሚመስል፥ ልዩ ሁኔታው የዘወትር ልማድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዳዳሪ ከበታቹ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የተያዘውን ዕቃ ሳይሆን የተጻፈውን ምክንያት ነው።