የመርቸዲሱ ሁለተኛ ዋጋ

አዲስ አበባ ለኖረ ሰው መርቸዲስ መኪና ብቻ አልነበረም፤ ማዕረግ ነበር። ሕዝቡ በአንበሳ አውቶቡስና በውይይት ታክሲ ሲጋፋ፣ ጥቁር መርቸዲስ ውስጥ ተደላድሎ የሚያልፈው ወይ ሚኒስትር፣ ወይ አምባሳደር፣ ወይ የናጠጠ ነጋዴ ነበር። ታዲያ ያ ሰው አገሩን ለቅቆ፣ ዓመታት ለፍቶ፣ አንድ ቀን ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ግቢ በኩል ሲያልፍ «7,900 ዶላር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መርቸዲስ ቢያይ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የቆዳ ወንበር፣ በእንጨት የተለበጠ ክሩስኮት፣ ኮፈኑ ላይ የቆመች ኮከብ፣ ያውም በአሮጌ ካምሪ ዋጋ! ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ችግሩ ውል ከተፈረመ በኋላ የልብ ፍርድ ይግባኝ የሌለው መሆኑ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ አቶ እገሌ አለ እንበል። ቀን መኪና ማቆሚያ፣ ማታ ሆቴል ይሠራል። ባለቤቱ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ዕቁብ ደርሶት 10 ሺህ ዶላር እጁ ገብቷል፤ የድሮው መኪናው ደግሞ ነፍሱ ወጥታለች። ከፊቱ የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው 156 ሺህ ማይል የሄደ የ2007 ኤስ 550 መርቸዲስ፣ ሁለተኛው ማይሉም ዋጋውም ከዚህ ያልራቀ የ2012 ካምሪ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚሁ ቤት ገቢ በየወሩ 150 ዶላር ለእናቱ ወደ አገር ቤት ይላካል። የታናሽ እህቱም የኮሌጅ ክፍያ አለ። እንግዲህ አቶ እገሌ የሚመርጠው መኪና ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ ይህ መኪና ለምን ረከሰ? የሚለው ነው። የ2007ቱ ኤስ 550 አዲስ ሳለ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ዋጋው ከዚያ አሥር አንድ እጅ ወርዷል። የወረደው ግን የመሸጫው ዋጋ እንጂ መኪናው አይደለም። ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ኮምፒውተሩ፣ መብራቱ ሁሉ የ80 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ ሆኖ ይቀራል። ጋራዡ «ስንት ገዛኸው?» ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ባለቤት ፋብሪካው ዋስትና እስከሰጠበት ድረስ ነድቶ መለሰው። ሁለተኛውም ሂሳቡ መምጣት ሲጀምር ሸጠው። እነሱ ከድግሱ በልተው ወጥተዋል፤ ሳህኑን የሚያጥበው የመጨረሻው ገዢ ነው። 7,900ው የመጀመሪያው ዋጋ ሲሆን፣ ማጠቢያው ሁለተኛው ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው ይህን ሁለተኛውን ሳይሰማ በመግዛቱ ነው።

ቀጥሎ የማይሉ ነገር አለ። በኪሎ ሜትር የለመደ ሰው 156 ሺህ የሚለውን ሲያነብ እንደ ኪሎ ሜትር ሊመስለው ይችላል። 156 ሺህ ማይል ወደ 251 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። አንድ የግሪክ ባለ ታክሲ በ1976 ሞዴል 240 ዲ መርቸዲስ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ መኪናው በ2004 ወደ ኩባንያው ሙዚየም ገብቷል። አሜሪካ ውስጥም የ1996 ሞዴል የሆነ አንድ ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 በ2017 አንድ ሚሊዮን ማይል ሞልቷል። ይህን የሚሰማ ደላላ «አየህ፣ ገና ልጅ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የግሪኩ ታክሲ ያን ያህል የሄደው ሞተር እየተለዋወጠለትና በየጊዜው እየታከመ ነው። ዕድሜ የሚሰጠው ኮከቡ ሳይሆን እንክብካቤው ነው። በረጅም አውራ ጎዳና 150 ሺህ የሄደና ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት መኪና፣ ከተማ ውስጥ እየቆመና እየተነሣ 90 ሺህ ከሄደው ሊሻል ይችላል። ጎማው፣ ቱቦውና ማሸጊያው ግን ማይል አይቆጥሩም፤ ዓመት ይቆጥራሉ። ትንሽ የተነዳ አሮጌ መኪናም ስለዚህ አሮጌ ነው።

የቅንጦት መኪና በሽታውም እንደ ባለቤቱ ይመርጣል። ኤስ 550 የቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በሚሞላ ፊኛ ላይ ነው። ፊኛው ሲያረጅ አየር ያመልጣል፤ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ ይገኛል። ባለቤቱ ችላ ካለው ደግሞ አየር የሚነፋው መጭመቂያ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ተቃጥሎ አንዱ ወጪ ሁለት ይሆናል። የዚያ ዘመን አንዳንድ የመርቸዲስ ሞተሮች ውስጡ ያለው ጥርስ ቶሎ የሚበላ ነበር። እሱን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ ስላለበት ሂሳቡ በሺዎች ነው። በዚያው ዘመን የወጡ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቢ.ኤም.ደብሊው መኪኖች የቫልቭ ማሸጊያቸው ሲደርቅ ዘይት እያቃጠሉ ያጨሳሉ። ሌክሰስ ከሁሉም ይሻላል የሚባለው በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ከ2001 እስከ 2006 የወጣው ኤል ኤስ 430 በየ90 ሺህ ማይሉ የሚቀየር የሞተር ቺንጋ አለው፤ ሳይቀየር ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ሌክሰስ ነው» ብሎ ዓይንን ጨፍኖ መግዛትም አያዋጣም። የቺንጋው ደረሰኝ የት አለ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ከጥገናው በፊት እንኳ ቤንዚኑ አለ። አቶ እገሌ በዓመት 15 ሺህ ማይል ይነዳል ቢባል፣ በመንግሥት መለኪያ ባንድ ጋሎን 17 ማይል ገደማ የሚሄደው ኤስ 550 ወደ 880 ጋሎን ይጠጣል። 28 ማይል ገደማ የሚሄደው ካምሪ ግን 540 አይሞላም። መርቸዲሱ የሚጠጣው ደግሞ ፕሪሚየሙን ነው። መደበኛው ቤንዚን በጋሎን 3 ዶላር ከ50፣ ፕሪሚየሙ 80 ሳንቲም የሚበልጥ ቢሆን፣ የሁለቱ ልዩነት በዓመት ወደ 1,900 ዶላር ይመጣል። ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል ወደ 160 ዶላር ነው። ለእናት በየወሩ የሚላከው 150 ነበር። ምንም ሳይበላሽ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ የእናት ቀለብ በጭስ ማውጫው በኩል ወጣ ማለት ነው። የአቶ እገሌ ባለቤት፣ «እሱስ ያምራል፤ ግን እናትህ የሚጠብቁት ብር ከየትኛው ኪሳችን ነው የሚወጣው?» ብትል ነገረኛ ልትባል አይገባም። ሂሳቡን ከባሏ ቀድማ ሠርታለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚገዛ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ሲገዛ ግን ወረቀቱን ይወቅ። በፌዴራል ሕግ ዲለር በሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ አለበት። «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ፣ «ባለበት ሁኔታ ተረክበሃል፤ ከበር ከወጣህ ችግሩ ያንተ ነው» ማለት ነው። አንዳንድ ግዛቶች ዲለር እንዲህ አድርጎ እንዳይሸጥ ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ፤ ሌሎቹ ይፈቅዳሉ። ሻጩ በአፉ የሰጠው ተስፋ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ እንዳልተባለ ይቆጠራል። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» እየተባለ በሰፊው የሚወራው ደግሞ ሐሰት ነው። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ዲለር ግቢ ውስጥ የተገዛን መኪና አይጨምርም። ከፈረሙ ወዲያ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የማይል ቆጣሪውም ሕግ አለው። ከ2011 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች ሲሸጡ ባለቤቱ የሄዱበትን ማይል ለ20 ዓመት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይገደዳል። የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉት ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ወጥተዋል። ቆጣሪን መመለስ አሁንም ወንጀል ቢሆንም፣ የ2007ቱን መርቸዲስ ማይል የሚመሰክር ወረቀት በፌዴራል ሕግ የለም። የሚመሰክሩት የጋራዥ ደረሰኞች ናቸው። ደረሰኝ የሌለው ሻጭ «በደንብ ተይዟል» ቢል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በመኪናው ላይ ያለው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ብዙ ያወጣል። በአደጋ ተሰባብሮ ወይም በጎርፍ ሰምጦ እንደነበር ሊገኝበት ይችላል። ከ2005ቱ ካትሪና፣ ከ2017ቱ ሃርቪና ከ2022ቱ ኢያን ማዕበሎች በኋላ ውኃ የዋጣቸው መኪኖች ታጥበውና ተቀባብተው በሌሎች ግዛቶች ተሸጠዋል። ምንጣፉ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ፣ መብራቱ ውስጥ ጤዛ ካለ፣ ከወንበሩ ሥር ብሎኑ ከዛገ መሸሽ ነው። በዚሁ መለያ የታካታ ኤርባግ ጉዳይም ይጣራል። ፈንድቶ ብረት የሚረጨው ይህ ኤርባግ በቢ.ኤም.ደብሊውና በመርቸዲስ መኪኖችም ተገኝቷል። ማጣሪያውም ቅያሪውም ነፃ ነውና ኮኦፕሬቲቭ ዘመድ ፍለጋ መሄድ አያሻም፤ የሠራው ኩባንያ ዲለር ይቀይራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከመግዛት በፊት ሻጩ ያልመረጠው መካኒክ ዘንድ መውሰድ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ፤ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚሸፍነው ነገር አለው። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው በታች ኮምፒውተሩን የሚያናግር ሶኬት አለው። በክሩስኮቱ ላይ ቀይም ቢጫም መብራት ባይኖርም፣ የስህተት መዝገቡ ትናንት ተደምስሶ ከሆነ መሣሪያው ይናገራል። አንድ የአገር ልጅ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሥር ገብቶ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና አልሞተም፤ ግን መታከም ይፈልጋል። መታከሚያውን ይዘውለታል?» ቢል ከዚያ የበለጠ ቅን ምክር የለም። ለምርመራ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ማውጣት የሚከብደው ሰው፣ አየር ፊኛው ሲፈነዳ ሺህ ከየት ያመጣል?

ቅንጦት መመኘት ኃጢአት አይደለም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው የሚደላ ወንበር ቢያምረው፣ የልጆቹም ደኅንነት ቢያሳስበው ማንም አይወቅሰውም። ግን ስንቱ ለራሱ፣ ስንቱስ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሠርጉ ግቢ እንደሚገዛ መጠየቅ ደግ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ከመሥሪያ ቤት ሂሳብ የወጣለት ሌላ ሰው አዲስ ሳለ ያበራበት ወርቅም ቢሆን። «ሲደክመኝ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለው የድሮ መጽናኛም አብቅቷል። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። «ኡበር እሠራበታለሁ» የሚልም ቢሆን እነዚህ ድርጅቶች በየከተማው የመኪና ዕድሜ ገደብ እንዳላቸው አስቀድሞ ይይ።

እንግዲህ ማን ይግዛ? ሙሉ ደረሰኝ ያገኘ፣ መካኒኩ የመረመረለት፣ መኪናው ለሁለት ሳምንት ጋራዥ ቢቀመጥ ሥራው የማይቀርበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመግዣው ሌላ የመግዣውን ግማሽ ያህል ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ይግዛ፤ ደስም ይበለው። በዱቤ አሮጌ ቅንጦት የሚገዛ ሰው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የገባው። ወለዱን እየከፈለ መኪናው ጋራዥ ይተኛል፣ እሱ አውቶቡስ ይጠብቃል።

አቶ እገሌ በእጁ ያለው 10 ሺህ ነው። 7,900 ለመርቸዲሱ ቢከፍል፣ ከታክስ፣ ከታርጋና ከኢንሹራንስ በኋላ ለሕክምና የሚተርፈው አንድ ሺህ ገደማ ነው። ቨርጂኒያ መኪናን በየዓመቱ ትመረምራለች፤ መርማሪው ኮከቡን አይቶ አያሳልፍም። በዚህ ሂሳብ የሚበጀው ካምሪው ነው። ጎረቤት ዞር ብሎ አያየው ይሆናል። ጠዋት ግን ይነሣል፣ ሥራ ያደርሳል፤ በወሩ መጨረሻም የእናት ብር በሰዓቱ ይሄዳል።