ስምን መልአክ ያወጣዋል? የ«ሞኟ» ወፍ ነገር

የዛሬው ረዘም ይላል። ስለ አንዲት የባሕር ወፍ ነው፤ መሐል ላይ የራሴም ጥፋት አለበት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። አሁን የጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስ ነው። መርከባቸው ባብ ኤል መንደብን አልፋ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትወጣ፣ ፈረቃውን ጨርሶ ከሞተር ክፍል ንፋስ ሊቀበል ወደ ላይ ወጥቷል። ከመርከቧ ፊት አምስት ስድስት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሳፈፋሉ። መርከቧ ውሃውን እየሰነጠቀች ስትሄድ የደነገጡ በራሪ ዓሦች እየተስፈነጠሩ ይወጣሉ፤ ወፎቹ የሚጠብቁት እነሱን ነው። አንዷ ክንፏን ሰብስባ እንደ ጦር ተወረወረች። ጧ! ውሃው ዋጣት። ትንሽ ቆይታ ብቅ ስትል ዓሣው የለም፣ ጨርሳዋለች።

መጨረሻ ላይ አንዷ መጥታ የመርከቧ የብረት አጥር ላይ አረፈች። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ይጠጋታል፣ ይጠጋታል፣ እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች እንጂ ንቅንቅ አትልም።

«ቲቸር፣ ይህች ወፍ ማን ትባላለች? ሰው አትፈራም እኮ!» ይላል መልእክቱ።

አየኋት። ራሷ፣ አንገቷና ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ፤ ሆዷ ደግሞ በማስመሪያ የተከፈለ ይመስል ንጹሕ ነጭ። ቡናማ ቡቢ ናት። በሳይንስ ስሟ ሱላ ሊውኮጋስተር ይሏታል፤ ሁለተኛው ቃል «ሆደ ነጭ» እንደ ማለት ነው። በአትላንቲክ፣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃት ክፍል ትኖራለች፤ በቀይ ባሕር ደሴቶች ላይም እንቁላሏን ትጥላለች። «ቡቢ» የሚለው ስም የመጣው ከስፓኒሹ «ቦቦ» ነው ይባላል። ትርጉሙም ሞኝ፣ ቂል።

ይህንኑ ጽፌ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ኧረ! እንደ እኔ ናታ ቲቸር!» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ደርድሯል።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ትዝ አለኝ።

የዛሬ 17 ዓመት ገደማ፣ አሥረኛ ክፍል፣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ። ይህን ልጅ ከኋላ ወንበር አስነሥቼ ሰሌዳ ላይ የሣልሁትን የልብ ሥዕል ክፍሎች እንዲናገር ጠየቅሁት። ዝም አለ። «አንተ ደደብ፣ ተቀመጥ!» አልሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዓመቱን ሙሉ ጓደኞቹ በዚያ ስም ጠሩት። እኔ ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳውም።

እንግዲህ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህችን ወፍ ስም ግን ያወጣው የራበው መርከበኛ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮ ጊዜ መርከበኞች ለወራት ባሕር ላይ ሲቆዩ ይህች ወፍ መጥታ መርከባቸው ላይ ታርፋለች። ሲጠጓት አትሸሽም። በእጃቸው ይይዟታል፣ ያርዷታል፣ ይበሏታል። በሚቀጥለው ቀን ሌላዋ መጥታ እዚያው ታርፋለች። «ምን ዓይነት ሞኝ ናት!» አሉ። ስሙ ቀረ።

በ1789 የእንግሊዙ «ባውንቲ» መርከብ ላይ ዐመፅ ተነሥቶ ካፒቴን ብላይና ታማኞቹ በአንዲት ክፍት ጀልባ ባሕር ላይ ተጣሉ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ቲሞር ደረሱ። በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ ከያዟቸው ወፎች አንዷ ቡቢ ነበረች። ለ18 ሰው ተካፈለች። አከፋፈላቸው እኛ ቅርጫ ላይ መደቡን ከፍለን እጣ እንደምንጥለው ነው፦ አንዱ ጀርባውን ያዞራል፣ ሌላው ቁራጩን እያሳየ «ይህስ የማን ይሁን?» ይላል፣ ጀርባውን ያዞረው ስም ይጠራል። ደሟን በጣም ለደከሙት ሰጧቸው። እስቲ ፍረዱ፤ የሰው ነፍስ ያተረፈችው ወፍ «ሞኝ» ተብላ ቀረች።

ዳርዊን ራሱ አልማረም። በ1832 አትላንቲክ መሐል ያሉትን የቅዱስ ጳውሎስ ዐለቶች ሲረግጥ ያገኘው ሁለት ዓይነት ወፍ ብቻ ነበር፤ አንዷ ይህችው ቡቢ ናት። ገራምና ደነዝ ናቸው፣ በድንጋይ መሰንጠቂያ መዶሻዬ የፈለግሁትን ያህል መግደል እችል ነበር ብሎ ጻፈ። ያ ሁሉ የማስተዋል ሰው!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የምር ሞኝ ናት ወይ?

እስቲ አገሯን አስቡት። ባሕር መሐል ያለ ባዶ ዐለት። ድመት የለ፣ አይጥ የለ፣ ቀበሮ የለ። በሺህ ዓመታት ውስጥ በእግሩ እየሄደ መጥቶ የበላት ነገር የለም። ጎጆዋም መሬት ላይ ነው፤ እንቁላሏን የምትጥለው ዐለቱ ላይ ወይም ጥቂት ጭራሮ ለቃቅማ ነው። ከላይ ፀሐይዋ ታነዳለች። በቀይ ባሕር ደሴቶች ሙቀት እንቁላልን ማሞቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጥላ መሆንም ያስፈልጋል። ወላጇ ጥላ ትቆምለታለች፣ ጉሮሮዋን እያርገበገበች ራሷን ታቀዘቅዛለች። በሰማይ ደግሞ እንቁላል የሚዘርፉ ወፎች ያንዣብባሉ።

እንግዲህ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ብላ የምትበር ቡቢ ብትኖር፣ ልጇ ወይ በፀሐይ ይበስላል ወይ ይዘረፋል። የምትፈራዋ ዘር አይተርፍላትም። ያልተነቃነቀችው ናት ልጅ ያሳደገችው። ስለዚህ መርከበኛው «ሞኝነት» ያለው ነገር በእሷ አገር ጽናት ነው፣ እናትነት ነው። ዱላ የያዘ ሰው የሚባል ፍጡር በፈተናዋ ውስጥ አልነበረም። ባልተማረችው ትምህርት ፈተናት፣ ወደቅሽ አላት።

ሁለተኛው የመርከበኛው ስሕተት የት እንዳያት ነው። መሬት ላይ አያት። መሬት ላይ ስትሄድ በእርግጥ ታስቃለች፤ እግሮቿ ወደ ኋላ የተተከሉ ናቸው፣ አራቱም ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ ናቸው፣ እየተንገዳገደች ነው የምትራመደው። ግን እግሯ የተሠራው ለመራመድ አይደለም። ብዙ ወፎች እንቁላል ሲታቀፉ ሆዳቸው ላይ ላባ የለቀቀ ሙቅ ቆዳ ያወጣሉ። ቡቢ ይህ የላትም። እንቁላሏን የምታሞቀው በዚያው በሚሳቅበት እግሯ ነው፤ ሰፊውን ቆዳ እንቁላሉ ላይ ትዘረጋለታለች፣ ደሟ ያሞቀዋል። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ስድስት ሳምንት ገደማ እንዲህ ይቆማሉ።

ውሃ ላይ ደግሞ ተመልከቷት። ቡናማዋ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብላ ነው የምትጠልቀው፤ ዘመዷ ሰማያዊ እግር ቡቢ ግን 30 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆናም ትወረወራለች። የድሮ ተማሪዎቼ፣ የፊዚክስ ቀመራችሁን አውጡ። የአየር ግጭትን ተዉትና ከ30 ሜትር የሚወድቅ ነገር ውሃውን ሲነካ ፍጥነቱ ስንት ነው? በሰከንድ 24 ሜትር። በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ። አወዳደቁ በሙሉ ሁለት ሰከንድ ተኩል አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ላይ ማነጣጠር አለባት።

በዚህ ፍጥነት ውሃ ለስላሳ አይደለም። ሶደሬ መዋኛ ላይ ከፍ ካለው መዝለያ በሆዱ የወደቀ ሰው ያውቀዋል። እሷ ግን ምን ታጥቃለች? አፍንጫዋ ከውጭ ድፍን ነው፣ ውሃ አይገባበትም፤ የምትተነፍሰው በአፏ ጥግ በኩል ነው። ፊቷና ደረቷ ላይ ከቆዳዋ ሥር አየር የያዙ ከረጢቶች አሉ፤ ዛሬ መኪና ውስጥ የምንገጥመውን የአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢት እሷ ከጥንት ጀምሮ ለብሳዋለች። ዓይኖቿ ወደ ፊት ያያሉ፤ በሁለቱም አንድ ላይ ስለምታይ ርቀት ትለካለች። ውሃውን ልትነካ ስትል ክንፎቿን ወደ ኋላ ትወረውርና ቀጭን ጦር ትሆናለች። የመንቁሯ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ስላለው ሙልጭልጩ ዓሣ አያመልጣትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? በዚህ በኩል ከሆነ ተረቱ ይሠራላታል።

መልአክ ላደርጋት ግን አልፈልግም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ቡናማ ቡቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። የመጀመሪያው ከቀናት በፊት ይፈለፈላል። ሁለተኛው ሲወጣ ታላቁ እየገፋ ከጎጆ ያስወጣዋል። ወላጆቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ምንም አያደርጉም። ሁለተኛው እንቁላል መድን ነው፤ የመጀመሪያው ባይሳካ ተብሎ የተቀመጠ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ይከፋቸዋል። ተፈጥሮ የግብረገብ መምህር አይደለችም። ከወፏ የምማረው ምግባር የለኝም። የምማረው ከስም አውጪዎቿ ነው።

ምክንያቱም ስም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሥራ ይሠራል። «ሞኝ ናት» ካልን በኋላ ስትጠፋም «ሞኝ ስለሆነች ነው» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአቦት ቡቢ የምትባለው ዘመዷ በ1892 በሕንድ ውቅያኖስ አሳምሽን ደሴት ላይ ተመዘገበች። ለማዳበሪያ የሚሆን የወፍ ኩስ ቆፋሪዎች ደሴቱን አራቆቱት፣ እዚያ ያለችው አለቀች። ዛሬ በዓለም ላይ ጎጆ የምትሠራው በአውስትራሊያዋ ክሪስማስ ደሴት ብቻ ነው፤ እዚያም ለፎስፌት ማዕድን ሲባል የምትኖርባቸው ዛፎች ተመንጥረውባታል። በጋላፓጎስ ደግሞ ሰማያዊ እግር ቡቢዎች በ2012 ሲቆጠሩ 6,400 ገደማ ነበሩ፤ በ1960ዎቹ ከተገመተው ሲሦ ያህል። ተመራማሪዎች ዋና ምክንያት ያሉት የሰርዲን ዓሣ መጥፋትን ነው፤ ምግብ ከሌለ አብዛኞቹ እንቁላል ለመጣልም አይሞክሩም። ሌሎች ደሴቶች ላይ መርከብ ያመጣቸው አይጥና ድመት ጫጩት ይፈጃሉ። እስቲ የትኛው ላይ ነው የወፏ ሞኝነት ያለው?

እኔም ያንን ልጅ «ደደብ» ካልሁት በኋላ ጥያቄ መጠየቅ አቆምሁ። ለምን እጠይቃለሁ? ስሙን አውጥቼለታለሁ። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ፈታትቶ የሠራው እሱ ነበር። ሰምቼ ነበር። ግን አላያያዝሁትም። እኔ የማውቀው ሰሌዳ ፊት ሲንገዳገድ ነው፤ ባሕሩ ላይ አላየሁትም።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ያ ቁጣ ነው እኮ ሰው ያደረገው» ይሉኛል። አይደለም። ቪዲዮ የሚልክልን የተረፈው ነው። ከኋላ ወንበር ተነሥተው በዚያው የወጡት፣ ትምህርት ያቋረጡት ምንም አይልኩልንም። የአሳምሽን ደሴት ወፎችም አይመሰክሩም።

ስለዚህ እናንተ ዛሬ ክፍል የምትገቡ፣ ልጅ የምታሳድጉ፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ የምትጠይቁ፦ ስም ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የት ነው ያየሁት? በማን ፈተና ነው የመዘንሁት?

ለልጁ ደወልሁለት። ስሙን አልጠራም፤ ይህን የምጽፈው ግን አስፈቅጄው ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «ቲቸር፣ የእኔን ይተዉት፤ ይልቅ ለወፏ የአማርኛ ስም ያውጡላት» አለኝ።

እኔ «ሆደ ነጭ ጠላቂ» ብያለሁ። የተሻለ ያለው ይጻፍልኝ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ስሙ ውሃ ላይ ከምትሠራው ይውጣ። ደግሞም በእኔ አፍ ስም የወጣለት ሌላ ተማሪ ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ይቅርታዬ ለእሱም ለእሷም ነው። በውስጥ መስመርም ቢሆን ጻፉልኝ።

መልካም ሰንበት።