በሽንፋ ገበያ የእንግዳ ሰው ድርሻ

ሽንፋ ታላቅ ከተማ አይደለችም። በስሟ የሚጠራው ወንዝ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በዚያም ረሀድ ተብሎ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይገናኛል። በበጋ ግን ከኩሬ በቀር ውኃ አይታይበትም። የከተማይቱም ሕዝብ እንዲሁ በአንዱ ወራት ይሞላል፤ በሌላው ይጎድላል። ሰሊጡ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ጊዜ ከደጋው የሚወርዱት ሠራተኞች፥ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባሉት፥ ገበያውን ያጥለቀልቁታል። ሥራው ሲፈጸም ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ፤ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ሱቅ ይከፍታሉ፤ ልጅ ያሳድጋሉ።

በዚህ ጊዜ «መጤ በዛ፤ ኪራይ ተወደደ» የሚል ቅሬታ ይነሣል። ቅሬታው ከነጋዴዎችም አንደበት ስለሚሰማ ጉዳዩ ሊመረመር ይገባዋል።

የዚህን ቆላ ታሪክ የተመለከተ ሰው የመተማን ገበያ ያቆመው እንግዳ መሆኑን ይረዳል። ለሐጅ ወደ መካ ይጓዙ ከነበሩት ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ ሰዎች መካከል ተክሩር የሚባሉት በዚህ ሠፈሩ፤ ጥጥ ዘሩ፤ በደጋውና በሱዳን መካከል ገበያ አቋቋሙ። በ1854 ዓ.ም. በስፍራው ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ስለ ታታሪነታቸው ጽፏል። የደጋው ነጋዴ ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን ጭኖ የሚወርደው ወደ እነርሱ ነበር። በዚያው ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረም መሸሸግ አይገባም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበት የመሐዲስቶች ዘመን ጦርነት ያን ሁሉ ንግድ አፈራረሰው። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ ሁለት ነገር ይማራል፤ እንግዳ ገበያን ሊያቆም መቻሉን፣ ጸጥታ ሲጠፋም የብዙ ዘመን ገበያ በጥቂት ጊዜ መፍረሱን።

የዛሬውም ንግድ ከእንግዳ እጅ አልወጣም። ሰሊጥ ቀጠሮ የማይቀበል ሰብል ነው። በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከውጭ አገር ገዢ ጋር የሚዋዋለው ላኪ ቃሉን የሚጠብቀው በማጭዱ ሠራተኛ እጅ ነው። ይህ ሠራተኛ ሜዳ ላይ እያደረ በወባ ትንኝና ካላዛርን በሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይነደፋል። ሠራተኛው በታመመ ጊዜ አዝመራው ሜዳ ላይ ይቀራል። አጎበር መግዛትና በሽተኛን በጊዜው ወደ ሐኪም ማድረስ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ጆንያና እንደ መጓጓዣ የሚቆጠር የንግድ ወጪ ነው።

በሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቷል። ሱዳናውያን፣ የሌላ አገር ዜጎችና ከዚያው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ገብተዋል። በ2016 ዓ.ም. በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከነበሩት ብዙዎቹ ዝርፊያንና ግድያን ፈርተው መጠለያውን በመልቀቅ በመንገድ ዳር መቀመጣቸው የሚያሳዝን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ተጠልለው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም.ም ያው መጠለያ ለኢትዮጵያውያን እንደ ገና ተከፍቷል። ድንበርተኛ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን እንደሚያስታውስ ሁሉ ይህንንም ሊረሳው አይገባም።

የከተማው ነዋሪ ቅሬታ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ሰው በበዛ ጊዜ ውኃ ያንሳል፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝም ይወርዳል። ነገር ግን ኪራዩን የሚጨምረው ተከራዩ አይደለም፤ ደመወዙንም የሚቀንሰው ሠራተኛው አይደለም። ቋንቋ የማያውቀውን በአንድ ዋጋ፣ ጎረቤቱን በሌላ ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅም ለጊዜው ያተረፈ ይመስለዋል። የተታለለው ሰው ግን አይመለስም፤ ለባልንጀራውም ይነግራል፤ ሌላው ሐቀኛ ባለሱቅ ሳይቀር ስሙ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የአካባቢው ነጋዴዎች በራሳቸው ፈቃድ ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዋጋ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሚዛንም በሁሉ ፊት ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰንና በቀኑ ይከፈል። ሦስተኛ፣ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራትና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት እንደ ሰጠው ታውቆ፣ በሰው ፈቃድ ተሸሽጎ እንዲነግድ ከመተው ይልቅ በሕጋዊ መንገድ እንዲሠራ ይረዳ፤ ግብር የሚከፍለው ነጋዴም ከስውር ውድድር ይድናል። አራተኛ፣ ለመክረም የቆረጠ ሰው በዕድርና በዕቁብ ይታቀፍ። ዕድርተኛ የሆነ ሰው ዱቤውን ክዶ በሌሊት አይጠፋም፤ የጎረቤቱም ሱቅ ሲዘረፍ ዝም ብሎ አይመለከትም።

በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ዛሬ የቆየ ባለሱቅ ተብሎ የሚከበረው ሰው አባቱ ወይም አያቱ ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እርሱን በዱቤ ያቋቋመው ሌላ ነጋዴ ነበር። የዚያ ዱቤ ተከፍሎ የሚያልቀው ገንዘቡ በተመለሰ ቀን ሳይሆን ተቀባዩ በተራው ለሌላው እንግዳ በሩን በከፈተ ቀን ነው።